ወፍ የሌለው ጥለት

ነገሩ የተጀመረው በዝናብ ነው። በከተማችን በላሴም ዝናብ ሲጥል የሚዋደደውም የተኳረፈውም አንድ ጣሪያ ሥር ይጠለላል። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜዬን የምገድልባት ትንሽ ቡና ቤት ያን ቀን ጢም ብላ ሞልታ ነበር። እኔም ጥጌን ይዤ፣ የቡና አተላ በስንጥር እየጠቀስኩ ሲጋራዬ ላይ ሐረግ እስላለሁ። ይህ የከተማችን ወንዶች ሙያ ነው፤ ሴቶቻችን በሰም ጨርቅ ላይ ይስላሉ፣ እኛ በአተላ ሲጋራ ላይ። ሚስቴ ራሚ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የእናንተው ተቃጥሎ ያልቃል፣ የእኛው ይለበሳል» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ እሷ የሣለችው ጨርቅ ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ።

አንዲት ወጣት እርጥብ ፀጉሯን እያራገፈች ገባችና ፊቴ ቆመች።

«ፓክ ጉሩ! እርስዎ ነዎት?»

አገሩ ሁሉ የሚጠራኝ በዚህ ስም ነው፤ «አባባ መምህር» እንደ ማለት። ቀና ብዬ አየኋት።

«አንቺ የምባህ ካርሲናህ የልጅ ልጅ አይደለሽም? ላራስ! ካርታ ላይ የብሱን ሰማያዊ፣ ባሕሩን ቡናማ የቀባሽው!»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ቆይተውም አይምሩኝም ማለት ነው?» ብላ እየሳቀች ተቀመጠች።

ምባህ አያት ማለት ነው። ምባህ ካርሲናህ ግን ለላራስ ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ አያት ናቸው። ከቤቴ አጥር ማዶ ያለው፣ በሩ ቀይ የተቀባው የባቲክ ቤት የእሳቸው ነው። እዚያ ሴቶች ነጭ ጨርቅ ላይ በትኩስ ሰም ይስላሉ፤ ሰም ያረፈበት ቦታ ቀለም አይገባውም። ከዚያ ቀለም ነካሪው ጨርቁን ገንዳ ውስጥ ይነክራል፤ በመጨረሻ ሰሙ በፈላ ውኃ ይወጣና ጥለቱ ብቅ ይላል። የቀይ በሩ ቤት ቀይ ቀለም፣ የዶሮ ደም የሚባለው፣ ከአገር አገር የታወቀ ነበር። ያን ቀይ የሚነክሩት ደግሞ ፓክ ቶሃ ናቸው፤ የምባህ ባል በሕይወት ሳሉ የተቀጠሩ፣ ከገንዳው ጋር አብረው ያረጁ ሰው።

«ለኢድ ነው የመጣሽው? ጾሙ እንኳ ገና አልገባም» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። «ምባህ ደወሉልኝ። ከኢድ በኋላ ፓክ ቶሃን ሊያሰናብቱ ነው። ቤቱንም ሊዘጉት።»

ስንጥሩ ከእጄ ወደቀ። «ቶሃን? ምን አደረገና?»

«ሥራው ዘገየ፣ ጨርቁ ገንዳው ዘንድ ይከርማል፣ ነጋዴዎች መጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ ቶሃ ሰንፏል ይላሉ።»

«እሱስ ምን መለሰ?»

«‹እሺ ምባህ› ነዋ!»

ሌላ ምን ይላል? በእኛ አገር ሽማግሌን «የለም» ማለት ፊት ለፊት ምራቅ እንደ መትፋት ነው። እሺ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይሆናል። እኔም በዚሁ አድጌ በዚሁ አርጅቻለሁ።

«ታዲያ አንቺ ምን ልታደርጊ ነው የመጣሽው? ልትለምኚያቸው?»

«ልሥለው ነው» አለች። «ሰማራንግ ከተማ የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ትምህርት አስተምሮኛል፤ የሥራን ሂደት በሥዕል ማስቀመጥ።»

ስንጥሬን አንስታ አተላው ውስጥ ነከረችና ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ክብ ሣለች። «ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ በቀጭን ክብ።» ከክቡ ቀስት አወጣች፤ ቀስቱ ጠርዙ የተጠጋጋ ሣጥን ላይ አረፈ። «ሣጥን የሚሠራ ነገር ነው። ስሙ በግስ ይጻፋል፤ ‹መሣል›፣ ‹መንከር›።» ቀጥላ በጫፉ የቆመ ካሬ ሣለች።

«ይኼስ ክቱፓት ነው!» አልኳት። ለኢድ በኮኮናት ቅጠል ጠቅልለን የምንቀቅለው ሩዝ ቅርጹ ቁርጥ እንደዚያ ነው።

«ክቱፓት ይሁን። ክቱፓት ጥያቄ ነው፤ መልሱ እየታየ መንገዱ የሚለይበት። መጨረሻው ደግሞ ወፍራም ክብ ነው። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራ በራሱ ረድፍ ይሣላል፣ እንደ እርሻ ትልም። የሰም ሣይዋ የዋስሪ ትልም፣ የምባህ ትልም፣ የቶሃ ትልም። ጨርቁ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ቀስቱን ተከትሎ ማየት ነው።»

«ለዚህ ነው ትምህርት ቤት የሚኬደው? ይኼንን እኔም ከአተላዬ ጋር አውቀዋለሁ።»

«ልዩነቱ እርስዎ ሐረጉን እንደ ልብዎ ይሥሉታል» አለች። «ይኼ ግን ምልክቱ ለሁሉም አንድ ነው። እኔ የሣልኩትን ባሕር ማዶ ያለ ሰው ያነበዋል። ውኃ በካርታ ላይ ሰማያዊ ነው ብለው ያስተማሩን ለምንድን ነው? እያንዳንዱ ደስ ባለው ቀለም ከቀባ መርከቡ ተራራ ላይ ይወጣል ብለው አልነበር የተቆጡኝ?»

ብዬ ነበር። መምህር ከገዛ ቃሉ ጋር ሲጋፈጥ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ መቆጣት ወይም ቡና መጋበዝ። ቡና ጋበዝኳት።

በማግሥቱ አብሬያት ወደ ቀይ በሩ ቤት ገባሁ። ያ ግቢ ራሚ ሰም ስትሥል የዋለችበት ነው። በጉርምስናዬ ራሚን ለማየት በዚያ በር አጠገብ ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ! ሴቶቹ የሰሙን ምድጃ ከበው ዝቅ ባለ በርጩማ ይቀመጡ ነበር፤ አንዷ ቀልድ ስትጀምር ሌላዋ ትጨርሳለች፤ ቻንቲንጋቸውን፣ ያችን አፍንጫዋ ቀጭን የመዳብ ብዕር፣ እፍ እያሉ ሰሙን ያንቆረቁራሉ። ግቢው ዳር እስከ ዳር ሳቅና የሰም ሽታ ነበር። አሁን በምድጃው ዙሪያ የቀሩት ዋስሪና ጥቂት ሴቶች ናቸው። ዋስሪ የራሚ ጓደኛ ነበረች፤ ባየኋት ቁጥር ሌላዋን ከጎኗ እፈልጋለሁ።

ምባህ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሳልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «ፓክ ጉሩ ነህ? ሲጋራውን ተው ብልህ አልሰማ አልክ» አሉኝ። ላራስ እግራቸው ሥር ተቀመጠችና ነገሯን ጀመረች።

«ምባህ፣ ቤቱን ከመዝጋትዎ በፊት ሥራውን ልሣለው ይፍቀዱልኝ።»

«ሥራ ይሣላል እንዴ፣ ንዱክ?» ንዱክ ሽማግሌዎቻችን ሴት ልጅን የሚያቆላምጡበት ቃል ነው። «የሚሣለው ጨርቅ ነው። ሥራማ ይሠራል።»

«የዘገየው የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ነው።»

«እሱንማ ማን አጣው? ገንዳው ዘንድ ነዋ! ቶሃ እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ ያንቀላፋል።»

«አይተውታል?»

ምባህ ፊታቸውን አዞሩ። «ሁሉ ነገር ይታያል እንዴ? ይታወቃል እንጂ! አማቴ ይህን ሙያ ስታስተምረኝ ወረቀት የሚባል አላሳየችኝም። ስሳሳት በቻንቲንጉ እጀታ ጣቴን ቋ! ታደርገኝ ነበር። በቃ፤ ጣቴ እስከ ዛሬ አይረሳም።»

«ጣትዎማ አይረሳም። ግን የእርስዎ ጣት የሚያውቀውን ፓክ ቶሃ አያውቁም፤ እሳቸው የሚያውቁትን ዋስሪ አታውቅም። ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዟል። ሙሉ ጨርቁን ዘርግቶ ያየ የለም። ስለዚህ ነገር ሲበላሽ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል።»

«ወረቀት ላይ አውጥተሽ የቤቴን ምስጢር ለጎረቤት ልትሰጪብኝ ነዋ!»

«የቶሃን ቀይ አልሥልም እኮ። ማን ከማን ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ብቻ ነው። የቀለሙ ቅመም እጃቸው ላይ ይቀራል።»

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ጥለት ነው?»

«ክብ፣ ሣጥን፣ ክቱፓት፣ ቀስት።»

«ወፉስ?»

«ወፍ የለውም።»

«ወፍ የሌለው ጥለት!» ምባህ ጭናቸውን መቱ። «ሰማህ ፓክ ጉሩ? ያስተማርካት ልጅ ጉድ አመጣች። ከዚህ ቤት ወፍ የሌለው ጨርቅ ወጥቶ አያውቅም። እስቲ አምጪው ያንን ወረቀትሽን።»

ላራስ ለምሳሌ የሣለችውን ሰጠቻቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘነበሉት፣ ራቅ አደረጉት፣ አቀረቡት። «ደብዛዛ ነው፤ ቀለምም የላችሁ?» ብለው መለሱላት። ሥዕሉ ጣት በሚያህል ጥቁር መስመር ነበር የተሣለው። ለእኔ ግትርነት መሰለኝ።

«እሺ፣ እስከ ኢድ ሣዪ» አሉ። «ከኢድ በኋላ ግን ቶሃ አይመለስም። በሩም ይዘጋል። ቃሌ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላራስ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው እየሄደች መጠየቅ ያዘች፤ እኔም ሥራ ፈት ነኝና እየተከተልኩ አዳምጣለሁ። በሚሠሩት ነገር ላይ ሁሉም አንደበተ ርቱዕ ሆነው አገኘኋቸው። አስቸጋሪ የሆነው ከምድጃው ወደ ገንዳው የሚሻገረው ቀስት ነው።

«ሥላችሁ ስትጨርሱ ጨርቁ ወዴት ይሄዳል?» ብላ ዋስሪን ጠየቀቻት። ፓክ ቶሃም ከጎናችን ሆነው ቀለም ይበጠብጣሉ።

«ወደ ምባህ። ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያዩታል፤ ሰም ሳይነካው የቀረ ክፍት ካለ ቀለሙ ገብቶ ያበላሸዋላ።»

«ስለዚህ እዚህ ላይ ክቱፓት አለ። ‹ሰሙ ደፍኗል ወይ?› ደፍኗል ካሉ ወደ ገንዳው። አልደፈነም ካሉስ?»

ዋስሪ ቻንቲንጓን እፍ አለች። «አልደፈነም አይሉም።»

«በጭራሽ?»

«ድሮ ይሉ ነበር። ድሮማ ከፀጉር የቀጠነ ክፍት አይተው ጨርቁን ፊታችን ላይ ይወረውሩት ነበር። አሁን ደፍኗል ነው የሚሉት። ሁልጊዜ።»

ላራስ እርሳሷን አስቀመጠች። «መውጫው አንድ ብቻ የሆነ ክቱፓት የለም፣ ዋስሪ። እኔም ስማር የመጀመሪያ ሥዕሌ የተመለሰብኝ በዚህ ነው። አስተማሪው ‹የለም የሚል መንገድ ካልሰጠሽው ጥያቄ አልጠየቅሽም፤ አንገት ነቀነቅሽ እንጂ› አለኝ። እናንተ መቼም ሰው ናችሁ፤ የምትሥሉት ሁሉ ደፍኖ አያውቅም። ታዲያ ያልደፈነው የት ይሄዳል?»

ፓክ ቶሃ ከገንዳው ቀና ሳይሉ፣ «ንገሪያት ዋስሪ» አሉ። «ልጃቸው ናት።»

ዋስሪ ወደ በረንዳው አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የምባህ ዓይን ከደከመ ቆየ። እኛን የሚለዩን በድምፅና በእግር ኮቴ ነው። ጨርቁን እንሰጣቸዋለን፣ እንደ ድሮው ወደ ፀሐይ ይዘረጉታል፣ ደፍኗል ይላሉ። እሺ ምባህ እንልና ወደ ጓዳ እንወስደዋለን። እሳቸው ጋደም ሲሉ ሰሙን እንደገና አቅልጠን ክፍቱን እየፈለግን እንሞላለን። ለፓክ ቶሃ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜው የሚሄደው እዚያ ነው።»

«እሳቸው ደግሞ ጨርቁ ገንዳው ዘንድ የተኛ ይመስላቸዋል!» አለች ላራስ። ፊቷ ተለዋውጧል። «ለምን አልነገራችኋቸውም?»

«ማን ይንገር? አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?» አለች ዋስሪ በምሬት። «‹ምባህ፣ ዓይንዎ ጠፍቷል› ብሎ የሚጀምር አፍ ያለው ሰው ካለ እስቲ አምጪልኝ!»

«ፓክ ቶሃ፣ እርስዎስ? ሊባረሩ ነው እኮ!»

ፓክ ቶሃ እስከ ክርናቸው ቀይ የሆነ እጃቸውን አራገፉ። «ባለቤታቸው ሲሞቱ እኔን ጠርተው ቤቱን አደራ ብለውኛል። እኔ ሰነፍ ብባል አልሞትም። እሳቸው ዕውር ከሚባሉ እኔ ሰነፍ ልባል።»

እኔ በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንዱ፣ እንዲህ ያለ ሰው በጎረቤትነት ስላገኘሁ ኩራት ነው። ሁለተኛው ግን ንዴት ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እሺ ይላል፤ በዚህ ሁሉ እሺታ መካከል አንድ ደግ ሰው ስሙ ጠፍቶ ሊሄድ ነው፣ አንዲት አሮጊትም የገዛ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሊዘጉ ነው። አክብሮታችን መልካም ነው፤ የሚያከብረውን ሰው ጨለማ ውስጥ ትቶ በሩን የሚዘጋ ከሆነ ግን ምኑ ላይ ነው መልካምነቱ?

ይህን በልቤ አልኩ እንጂ አፌ ያወጣው ሌላ ነው። ወደ ቤቴ ስትሸኘኝ፣ «ተዪው ላራስ» አልኳት። «ጓዳውን አትሣዪው። ያለ እሱም ሥዕሉ ያምራል።»

«ጓዳውን ከዘለልኩ ጨርቁ ከምባህ እጅ ወጥቶ በቀጥታ ቶሃ ዘንድ ሲዘገይ ነው የሚታየው። ስንፍናቸውን በራሴ እጅ መሰከርኩባቸው ማለት ነው።»

«ከሣልሽው ደግሞ አያትሽ ሠራተኞቻቸው ፊት ያፍራሉ። በዚህ ዕድሜያቸው!»

«‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ብለው ሰሌዳ ላይ የጻፉልን ማን ነበሩ?»

«አንቺ ልጅ፣ ካስተማርኩሽ ውስጥ የማትረሺው የሚጎዳኝን ብቻ ነው እንዴ?» አልኳት። ከዚያ የመጨረሻ የመሰለኝን ክርክር አነሳሁ። «ደግሞስ ብትሥዪው ምን ይጠቅማል? ወረቀት እንደሆነ አያዩት።»

ቆም አለች። አጥሩ ማዶ የሰሙ ምድጃ ይጨሳል። «ወረቀትማ አያዩም» አለች ቀስ ብላ። «ጣታቸው ግን አይረሳም።»

የጾሙ ወር ሊጋመስ ሲል ላራስ ሁላችንንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች። ምባህ ጭን ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋች። ክቡም፣ ሣጥኑም፣ ክቱፓቱም፣ ቀስቱም ወፈር ባለ ሰም ተሥሎ ደርቋል፤ ከጨርቁ በላይ እንደ ጅማት ቆሟል።

«ሥዕሉ አልቋል ምባህ። በእጅዎ ይዩት።»

«በእጄ?» አሉ ምባህ። ቀኝ እጃቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲፈታ አየሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ይሆን አንድ ነገር በግልጽ የተነበበላቸው! «ይህ ክብ ነው። እዚህ ይጀምራል?»

«እዚያ ይጀምራል።»

«ይህ ሣጥን… የዋስሪ ነው። ቀስት። ተሻገረ፤ የኔ ትልም ነው ይህ?» ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። «ቆይ፣ ይህች መስመር ተቆርጣለች። ሰምሽ ሳይግል ነው የሣልሽው፣ ንዱክ! በዚህ እጅሽ ነው ቤቴን ልታድኚ የመጣሽው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ላራስም ሳቀች። ጣቱ ክቱፓቱ ላይ ደረሰ። አራቱንም ማዕዘን ዞሩት።

«ይህ የኔ ጥያቄ ነው። ‹ደፍኗል?› ደፍኗል፤ ወደ ቶሃ።» ጣታቸው ወደ ክቱፓቱ ተመለሰ። «ሌላ ቀስት አለ። ወደ ታች ይወርዳል። የት ነው የሚሄደው?»

ጣቱ ብቻውን ወረደ፤ የጓዳውን ትልም አገኘ፣ ሣጥኑን አገኘ።

«ሣጥኑ ላይ ምን ተጽፏል? ዋስሪ፣ አንብቢልኝ።»

ዋስሪ አለቀሰች እንጂ አላነበበችም። ያነበቡት ፓክ ቶሃ ናቸው። «‹ክፍቱን እንደገና በሰም መሙላት› ይላል፣ ምባህ።»

ጣታቸው ከጓዳው በሚወጣው ቀስት ሄዶ ገንዳው ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ።

«ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ» አሉ ምባህ። «ደብቄያችሁ የኖርኩ መስሎኝ። ጨርቁን የምዘረጋው ፀሐይዋ በምትሞቀኝ በኩል ነበር። ‹አልደፈነም› ብል፣ ‹የቱ ጋ ነው ምባህ?› ትሉኛላችሁ ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ደፍኗል እላለሁ።» ፊታቸውን ወደ ቶሃ ድምፅ አዞሩ። «አንተ ጅል፣ ሰነፍ ስልህ እሺ ትለኛለህ?»

«ምን ልበልዎ ታዲያ?»

«የለም በለኝ! አንድ ጊዜ እንኳ የለም በለኝ!»

«ከእንግዲህ እላለሁ፣ ምባህ» አሉ ፓክ ቶሃ።

ላራስ እጃቸውን ይዛ፣ «ጥፋት ፍለጋ አልሣልኩትም» አለቻቸው። «አሁን ሁላችንም አንድ ጨርቅ እያየን ነው። የታየ ነገር ይስተካከላል።»

«እንግዲያው አስተካክዪው» አሉ ምባህ እንባቸውን በነጠላ ጨርቃቸው ጠርገው። «ክቱፓቱን ከኔ ትልም አውጪና ለዋስሪ ስጪያት፤ ዓይኗ ደኅና ነው። ‹አልደፈነም› የሚለው ቀስት በቀን ወደ ምድጃው ይመለስ እንጂ ወደ ጓዳ አይደበቅ። ቶሃን ከዚህ ቤት የሚያስወጣው ሞት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ ለሚመጡ ልጆች ቻንቲንግ አያያዝ አስተምራለሁ፤ ከዚህች ከተማረችው ጀምሬ!»

የዚያ ጨርቅ ጥቅም ብዙ ነው። ሥራው ጓዳ ጓዳውን መዞር ትቶ ቀጥ ባለ መንገድ ሲሄድ የሚሸጡት ጨርቆች ለኢድ ገበያ ደረሱ፤ ነጋዴዎቹም ተመለሱ። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ድሮ በቁጣና በጣት ምት የሚማሩትን ቅደም ተከተል ቀስቱን እየተከተሉ ያዙት። አንድ ነገር ሲዘገይ «ማን አዘገየ?» መባሉ ቀረና «የት ዘገየ?» መባል ተጀመረ፤ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን የሰላም ርቀት በቤቱ የኖረ ያውቀዋል። ምልክቱም ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ ሌሎች የባቲክ ቤቶች ላራስን እየጠሩ የየራሳቸውን አሣሉ፤ ማንም የማንንም ቀለም አልሰረቀም።

ትልቁ ጥቅም ግን ከጨርቁ ውጪ ያለው ነው። የተደበቀው ነገር ከወጣ በኋላ ምባህን ወደ ሐኪም መውሰድ ተቻለ። ከኢድ በኋላ ላራስ ሰማራንግ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የግራ ዓይናቸው ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለ። ቀኙን ግን ረጅም ጊዜ መረመረና፣ «ይህኛው ሌላ በሽታ ነው። ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ…» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እሺታችን አንድ ዓይን በልቷል። ልጆቻችሁን አክብሮት ስታስተምሩ ይህን አብራችሁ ንገሯቸው፤ ሽማግሌን ማክበር ማለት እውነቱን በለሰለሰ ድምፅ መንገር ነው እንጂ እውነቱን መንሳት አይደለም።

የግራ ዓይናቸው ፋሻ ተነሥቶ በተመለሱ ቀን በረንዳው ላይ ተሰብስበን ጠበቅናቸው። ምባህ እያንዳንዳችንን አገላብጠው አዩ። «ፓክ ጉሩ፣ እንዲህ አርጅተሃል?» አሉኝ። ዋስሪን ጉንጯን ይዘው፣ «ሸበትሽ እኮ ልጄ» አሏት። የፓክ ቶሃን ቀይ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ያ ጨርቅ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ቀለም ሳይገባው፣ ሰሙ እንዳለ በጥላ ተሰቅሎ ነበር የቆየው።

ራቅ አድርገው ዘረጉት።

«ኧረ ጉድ ነው! እንዴት ያለ አስቀያሚ ጥለት ነው!»

ላራስ ከሳቋ የተነሣ በርጩማ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ወፍ የሌለው ጨርቅ ከዚህ ቤት አይወጣም ብዬሽ ነበር። ቻንቲንግ አምጡልኝ» አሉ። ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሰሙን ጠልቀው እፍ አሉበት፤ አንዲት ዓይናቸውን አጥብበው፣ ሥራው በሚያልቅበት ወፍራም ክብ ውስጥ ጅራቷ ረጅም የሆነ ትንሽ ወፍ ሣሉ። ግቢው ሁሉ ሲያያቸው፣ የድሮዎቹ ሴቶች ሁሉ፣ ራሚም ጭምር፣ ተመልሰው ከበው የተቀመጡ መሰለኝ። የላራስ አስተማሪ ቢያይ በዚህ የአሣሣል ሥርዓት ወፍ የሚባል ምልክት የለም ይል ነበር። ይበል።

ምባህ ሲጨርሱ ጨርቁን አንስተው ወደ ቶሃ ዘረጉ። ፓክ ቶሃ ግን አልተቀበሉም።

«የለም ምባህ» አሉ፤ ቃሏ አፋቸው ውስጥ ስትወጣ አዲስ ነበረች። «መጀመሪያ ወደ ዋስሪ ነው።»

ምባህ እንደ መደንገጥ አሉና ጨርቁን ለዋስሪ ሰጡ። ዋስሪ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። ክቡን አየች፣ ሣጥኖቹን አየች፣ ወፏ ላይ ቆየች። በዚያ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ «እሺ ምባህ» ያለች ሴት ናት።

«ደፍኗል?» አሉ ምባህ።

«አልደፈነም፣ ምባህ» አለች ዋስሪ። «ጅራቷ ላይ ክፍት አለ።»

ምባህ በዚያች በአንዲት ዓይናቸው ዋስሪን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ጨርቁን ከእጇ ተቀብለው ወደ ምድጃው ተመለሱና ቻንቲንጉን አነሡ።

«የቱ ጋ ነው?» አሉ። «ነይ አሳዪኝ።»